የአገርህ ሰዎች የሚበሉበት

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ቅዳሜ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ነፋሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ይህን የምጽፍልሽ ፒያሳ፣ ከወንድሜ ልጅ ከዐብዱልከሪም ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ያለነው እኔ፣ እሱ፣ እና በሩ ሥር እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ የተቀመጠው ባልሽ ዳኛው ነን።

እህቴ አበቡ፣ እንግዲህ ልብሽን አስቀድሜ አሳረፍሁት። ሰላምታው ከዚህ ይቀጥል። እናትሽ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ እንዴት ናቸው? እኔ አላህ ይመስገን ደኅና ነኝ። ስለዘገየሁ ይቅር በዪኝ፤ በዓይኔ ሳላየው ደረሰ ብዬ መጻፍ አልወደድሁም።

አዎ፣ በሰላም ገባ። መንገድ እየሸሸ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ በእግሩ መጥቶ ከዚያ ማኪና አገኘ። አዘዞ አንዲት ክፍል ይዘንለታል፤ ለግንበኞች ድንጋይ ያቀብላል። እስከ መቼ ይደበቃል ላልሽኝ፣ ሽማግሌዎቹ የደሙን እርቅ እስኪጨርሱ ነው እንጂ እኔ ምን ቀን አውቃለሁ? ወንድሙ ወልደ ገብርኤል ሰው ገድሎ በረሃ ሲገባ፣ የሟች ወንድም እንኳየሁ ገዳዩን ትቶ ዳኛውን ማሳደዱ ለእኔ ለከተማዋ ሰው አልገባኝም ነበር። ያስረዳኝ ዳኛው ራሱ ነው። ደም የሚመለሰው በቤቱ ደህና ሰው ነው አለኝ። «ወንድሜ ሰካራም ነው፤ እሱን ገድሎ ማን ይረካል?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ስለ ወረቀቷም ጠይቀሽኛል። ሐኪም ቤት ስትመላለሺ እኔ ቤት ሰንብተሽ ግድግዳዬ ላይ ያየሻት፣ የተራበ ሰው በዚህ ከተማ የት ሄዶ እንደሚበላ የምትናገረዋ ናት። ድርቁ ሰዉን ካወረደው ወዲህ ጠያቂው በዝቶብኝ ላሻሽላት ነው። ዐብዱልከሪም ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ይህንኑ በኢንተርኔት እንደሚያወጡት ነገረኝና ሦስት ድረ ገጾች ጎን ለጎን ከፍቶ አሳየኝ። የመጀመሪያው የሰፈርሽን ቁጥር ስትጽፊለት ቅርብሽ ያለውን ቦታ በካርታ ያሳያል። ጎንደር ብለን ብንጽፍለት ምንም አልተገኘም አለን። ዐብዱልከሪም «እንግዲህ እኛ አገር የሚራብ የለም ማለት ነው፤ ደስ ይበልሽ» አለኝ። ሁለተኛው ካርታ የለውም፤ ግን በየቦታው ሥር ማን፣ መቼ ሄዶ እንዳረጋገጠው ይጽፋል። ይህን ወደድሁት። ሦስተኛውን ገና አላየሁትም።

አንድ ነገር ግን ታየኝ። እነሱ በቦታ ነው የሚፈልጉት፤ የእኛ ምግብ የሚገኘው በቀን ነው። በአሥራ ሁለት ለሚካኤል የሚዘክረው ቤት በአሥራ ሦስት ብትሄጂ እሳትም የለበት። የእኛም ሰደቃ እንደዚሁ ነው። ደግሞ ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ ካልተጻፈ፣ ያንቺ ሰው እኛ ደጅ፣ የእኛ ሰው እናንተ ደጅ ደርሶ ጦሙን ይመለሳል። ስለዚህ ወረቀቷን በቀን አድርጌ፣ ለዕርዱም የራሱን ዓምድ ሰጥቼ እንደገና እጽፋታለሁ።

ዳኛው ሰላም በያት ይልሻል። ሌላም ብሎ ነበር፤ አፍሮ አስተወኝ።

ዙህራ

—

መካነ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2008 ዓ.ም.

እታለም ዙህራ፣

ጤናሽን እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ምነው ስልክ አትደውዪም ብለሽ በቃል ልከሽብኛል። ስልኩ የሚሰማው ጉብታው ላይ ወጥተው ሲጮኹበት ነው። ለአንቺ አንድ ነገር ስነግርሽ አገሩ በሙሉ ቆሞ ያዳምጣል። አያ ሐብተ ማርያም ጨው ሊገዛ በወረደ ቁጥር ደብዳቤ ያደርስልኛል፤ ጠላ ካየ ይዘገያል እንጂ ታማኝ ነው።

ከብቱን ጠይቀሽኛል። ለዳኛው አትንገሪው። የገና ጾም ሳይፈታ የእንኳየሁ ሰዎች መጥተው የሁለቱንም በሬ ቋንጃ ቆረጡት። ቀዩ እስኪነጋ በጉልበቱ ሲድህ፣ እኔና እናቴ በሩን በጀርባችን ደግፈን ስንሰማው አደርን። ሲነጋ አሳረድሁት። ሥጋውን በነጻ ብሰጥ የደም ከብት ነው ብሎ የሚቀበለኝ ጠፋ፤ ሰዉ እየተራበ። የገብሱን ክምር አቃጥለውታል። አያ ሐብተ ማርያም ስለ ፊቴ ቢያወራሽ ከካብ ላይ ወድቄ ነው።

እርቁን ሽማግሌዎቹ ከገና በፊት ብለው ነበር፤ እንኳየሁ ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ ቀረ። በመጨረሻ ለዐቢይ ጾም መያዣ ብለዋል። እስከዚያ ባሌን ያዢልኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።

ወረቀትሽ ደርሳለች። ገበያ ላይ እየደጋገሙ አስነበቡኝ፤ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ። በቀን ማድረግሽ ሸጋ ነው። ግን ወርደው የተመለሱት አንድ ነገር ይላሉ። ቦታውን እናገኘዋለን፣ ደጁ ላይ ስንደርስ ግን የሚያውቀን የለም፣ ዘበኛው ከሌባ ይቆጥረናል ይላሉ። የአገራቸው ሰው የት እንደሚቀመጥ ቢያውቁ አያፍሩም ነበር። ያ የምትዪው የፈረንጅ ነገር ለዚህ መላ የለውም?

አበቡ

—

ጎንደር፣ ጥር 16 ቀን 2008 ዓ.ም.

አበቡ እህቴ፣

ካብ ሰውን በጡጫ አይመታም። አያ ሐብተ ማርያም የነገረኝን ሰምቻለሁ፤ አንቺ ካልፈለግሽ አልጠይቅሽም። ለዳኛውም አልነገርሁትም። ስለ በሬዎቹም አልነገርሁትም። ይህን ሁሉ ዝም ብዬ ፊቱን ማየት ከብዶኛል፤ ይቅር ይበለኝ።

ለጥያቄሽ መላ አግኝቻለሁ። ሦስተኛው ድረ ገጽ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ቋንቋሽን ነው። ከዚያ ያንቺን ቋንቋ የሚናገር ሰው ያለበትን ቦታ ለይቶ ያሳይሻል፣ ማንን እንደምትጠይቂም ስም ይሰጥሻል። ለሰው ያሰበ ሰው የሠራው ነው ብዬ ትልቁን ነጥብ የሰጠሁት ለሱ ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ አየሁበትና ነጥብ ቀነስሁበት፤ ከቦታዎቹ አንዱ ስልክ ቁጥር እንጂ አድራሻ የለውም። ሴቶች የሚበሉበት ነው ይላል። የት ነው? መንገዱ፣ በሩ፣ ምንም። ዐብዱልከሪምን ረስተውታል አልሁት፤ «ለፈረንጆቹ ጽፈሽ ንገሪያቸዋ» ብሎ አሾፈብኝ።

እኛም ከሱ ተምረን በየአገሩ ለየነው። የወገራው፣ የጭልጋው፣ የእናንተው እያልን። የእናንተ መስመር ከታች ናት፤ እንዲህ ትላለች፦ «የጃናሞራ ሰዎች፣ አዘዞ ሰንበቴ ቤት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፤ ሰውአገኝን ጠይቁ።» ሰውአገኝ የዚያ ደጅ ዘበኛ ነው፤ ያገራችሁ ልጅ ነው፣ አፉ እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም። ዐብዱልከሪም በብዙ አባዝቶልን የአውቶቡስ ረዳቶች አምባ ጊዮርጊስም እናንተ ገበያም ለጥፈዋታል። ሳይደርስሽ አይቀርም።

ዳኛው ደኅና ነው። እሑድ እሑድ ከሰውአገኝ ጋር ይቀመጣል። ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ከሚበሰብስ ይሻላል ብዬ እኔው ነኝ የገፋሁት። ባለፈው ሰውአገኝ «ከሞት የሸሸ ሰው እንዲህ ይበላል? እኛ ሳንሸሽ እንኳ እንዲህ አንበላም» ሲለው፣ ዳኛው «ሞት ጠግቦ ያገኘኝ ብዬ ነው» አለው አሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ዙህራ

—

መካነ ብርሃን፣ ጥር 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላምታ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም።

የአዘዞውን መስመር ፋቂው። ዳኛውን ከአዘዞ አውጪው። ዛሬውኑ።

ዛሬ ገበያ ላይ እንኳየሁ ወረቀቷ ሥር ቆሞ ነበር። ማንበብ አይችልም። ለአንዱ ተማሪ ጠላ ገዝቶ ከላይ ጀምሮ አስነበበው። የእኛ አገር መስመር ላይ ሲደርስ ድገመው አለው። ሰልሶ አስነበበው። ከዚያ ጣቱን መስመሯ ላይ አስቀምጦ «ሸጋ ወረቀት ናት» አለ። እኔ ሽንኩርት ከሚሸጡት መካከል ነበርሁ፤ አይቶኛል፤ እያየኝ ነው ያለው። ከገበያው ሲወጣ አንጥረኛው ቤት ገብቶ መጥረቢያ አስሳለ።

ጉብታው ላይ ወጥቼ ደወልሁልሽ፤ አይሠራም። አያ ሐብተ ማርያምን እግሩን ስሜ ላክሁት።

አበቡ

—

ጎንደር፣ የካቲት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

አበቡ፣

መብላት ጀምሮ ነበር ወይ ብለሽ በወንድምሽ በወልደኢየሱስ አፍ ጠየቅሽኝ። ሬሳውን ሊወስድ ሲመጣ ያንን ብቻ ጠይቃት ብላኛለች አለኝ። ሰውአገኝን ሐኪም ቤት ሄጄ ጠይቄ ነው አሁን የምጽፍልሽ።

ጀምሮ ነበር። ጸበሉን ጠጥቶ፣ ከእንጀራው ቆርሶ ጎርሷል። ሁለተኛውን ጉርሻ ለሰውአገኝ ሊያጎርስ እጁን ዘርግቶ ሳለ ነው። ስለዚህ እጁ ላይ ያያችሁት ወጥ እንጂ ሌላ አይደለም። ሌላውን ስትገንዙት አይታችኋል፤ አልጽፈውም። ሰውአገኝ መጥረቢያውን እይዛለሁ ብሎ ክንዱ እስከ አጥንቱ ተሰንጥቋል፤ ጣቶቹ ይንቀሳቀሱ አይንቀሳቀሱ ገና አልታወቀም። እንኳየሁ ሮጦ አመለጠ።

ሰዉ ሲሸሽ ምግቡን እየረገጠ ነው የሸሸው። ሰውአገኝ ያለቀሰው ስለ ክንዱ አይደለም። የሸሹት ትንሽ ቆይተው ተመልሰው፣ ደሙ ያልነካውን እንጀራ ከመሬት አንሥተው፣ አራግፈው በሉት አለኝ። ዳኛው እዚያው ተሸፍኖ ተኝቶ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሰኞ ነው። እሱ እሑድ ሞተ። አያ ሐብተ ማርያም አምባ ጊዮርጊስ ላይ ክርስትና አጋጥሞት ግባ ሲሉት ገብቶ ሰንብቷል። ደጄ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አልወቀስሁትም። ከሱ ደብዳቤ በፊት የኔ ወረቀት ደርሳ ነበር።

አሁን ገባኝ፤ ያ አድራሻ የሌለው ቦታ የተረሳ አልነበረም። እዚያ የሚበሉትን ሴቶች እንደ ዳኛው የሚያሳድዳቸው ሰው ነበር። የሠሩት ሰዎች አውቀው ነው ባዶ የተዉት፤ እኔ ከነጥባቸው ቀነስሁባቸው። አገር ለይቶ ማስቀመጥ ለፈረንጁ ቋንቋ ነው፤ ለእኛ ደም ነው። ይህን ማወቅ ነበረብኝ።

አሮጌዋን ከየግድግዳው ልጬያታለሁ። በአዲሷ ወረቀት ላይ የሰው ስም የለም፣ የአገር ስም የለም። የተራበ እኔ ዘንድ ይምጣ ትላለች፤ አዲስ ዓለም፣ መስጊዱ ጎን፣ ጠዋት ጠዋት። ከዚያ ራሳችን ወስደን እናደርሰዋለን።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። ጊዜው ገና ነው።

ዙህራ

—

መካነ ብርሃን፣ የካቲት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ዙህራ፣

ታለቅሺያለሽ ወይ ብለሽ ላክሽብኝ። አላለቅስም። ልብሱን አላጠብሁትም። ከነደሙ ከቋሚው ላይ ሰቅየዋለሁ፤ ወንድሞቼ በገቡ በወጡ ቁጥር ያዩታል። ወልደኢየሱስ መጀመሪያ ላይ ሽማግሌ ሲል ነበር፤ ለሰርግ ሽማግሌ የምትልክ ይመስላል አልሁት። እናታችን ሴት ነው የወለደችው አልሁት። አሁን ሽማግሌ አይልም።

እንኳየሁ አገር ቤት አልተመለሰም። በረሃም አልገባም። ከብቱን ዘመዶቹ ነድተውለታል፣ ገንዘብ የላከለት የለም። ጎንደር ነው ያለው። ጎንደር ካለ ደግሞ ይርበዋል፤ ከራበው ይበላል። በከተማው የሚበላ ሰው ሁሉ ባንቺ እጅ ያልፋል፤ አንቺው ነሽ የጻፍሽልኝ።

የአገራቸውን ሰው ያግኙ ያልሁሽ እኔ ነኝ። ያን ማለቴን አልረሳሁትም፤ የምተኛበት እንዳይመስልሽ። ግን ወረቀትሽ ባሌን ለእንኳየሁ አግኝታለታለች። አሁን እሱን ለእኔ ታግኝልኝ። የት ነው የሚበላው? ቦታውንና ሰዓቱን ብቻ ጻፊልኝ። እንደ ወረቀትሽ አጭር ይሁን።

ወልደኢየሱስ ወርዷል። ጎንደር ሲደርስ ይጠይቅሻል።

አበቡ

—

ጎንደር፣ የካቲት 23 ቀን 2008 ዓ.ም.

አበቡ እህቴ፣

ወልደኢየሱስ ትናንት መጣ። ውኃ ሰጠሁት፤ ቆሞ ጠጣና ጥያቄሽን ጠየቀኝ። አላውቅም አልሁት። ዋሸሁት። ላንቺ ግን አልዋሽሽም።

የት እንደሚበላ አውቃለሁ። እሱ ከዚያ ሳይነሣ ግን አልነግርሽም፤ ይህን ደብዳቤም አልልከውም።

መልኩን አላውቀውም ነበር። ከሰልፉ መካከል አንድ ደጋማ ሰው ነበረ፤ የክርስቲያን ማተብ አለው፤ የሥጋ መረቅ ስቀዳለት «የኔ እናት፣ ሌላ የለም?» ይላል። ንፍሮ እሰጠዋለሁ። እኛ ሰፈር ክርስቲያን የሚፈልግ ሰው አይመጣም ብሎ ይሆናል የመጣው። አንድ ጠዋት በልቶ ሲያበቃ አዲሷ ወረቀት ሥር ቆመ። ከታች ያለውን ባዶ ቦታ በጣቱ ነካና «እዚህ ላይ የአዘዞው መስመር ነበረ፤ ምነው ጠፋ?» አለኝ። ማንበብ አይችልም፤ ቦታዋን ግን ያውቃታል። ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። አንሥቼ አጠብሁትና ለሚቀጥለው ሰው ቀዳሁ። ከዚያም ወዲህ ሲመጣ እየሰጠሁት ነው።

ይህን ስታነቢ ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። በዪ። ግን አንድ ጊዜ የሰው መብያ ለገዳይ ነግሬያለሁ፤ ሳላውቅ። አውቄ ደግሞ አልነግርም። ወንድምሽ እሱን ከገደለ፣ የእንኳየሁ ዘመዶች ከናንተ ቤት ደህናውን ሰው ይፈልጋሉ። ደህናው ሰው ወልደኢየሱስ ነው። ልብሱን የምትሰቅዪበት ቋሚ ሌላም ይይዛል።

እንዲሁ ዝም ብዬ ላበላውም አልችልም። እጁን ሳየው የዳኛው እጅ ትዝ ይለኛል። ነገ አንድ ነገር አደርጋለሁ። ምን እንደሆነ አሁን ስጽፍ አላውቀውም።

ሐሙስ፣ የካቲት 24፣ ከቀትር በኋላ።

ደብዳቤውን ሳልዘጋው አደርሁ። ስለዚህ ያደረግሁትን እጨምርበታለሁ።

ሰገድሁ። ንፍሮውን አወጣሁ። እንኳየሁ ሲመጣ ሰጠሁትና እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ከዚያ ጎኑ ቁጭ ብዬ የዳኛው አማቾች ከተማ ገብተዋል፣ ተነሥ፣ ፖሊስ ጣቢያ አብሬህ እሄዳለሁ አልሁት። ማን መሆኔን ማን ነገረሽ አለኝ። አንተው፣ የአዘዞውን መስመር ስትጠይቀኝ አልሁት። ባዶውን ሳህን ብዙ አየው።

«ይሰቅሉኛል?» አለ።

«አላውቅም። እዚህ ግን ያርዱሃል።»

ተነሣ። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላዬ ሆነን ወጣን። ከመስጊዱ ግንብ መታጠፊያ ላይ ወንድምሽ ቆሟል። ቀኝ እጁ ጋቢው ውስጥ ነው። ከመጣ ጀምሮ ሲከተለኝ ኖሯል፤ ውሸቴን አላመነኝም።

«እታለም ዙህራ፣ ዘወር በዪልኝ» አለኝ።

ሻርፔን ከራሴ አውርጄ በመካከላችን መሬት ላይ ጣልሁት። በዚህ ዕድሜዬ መንገድ ላይ ራሴን ገልጬ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። ሻርፑን ለመሻገር እግሩን አነሣና መለሰው።

«ያንቺ ወረቀት ነው የገደለው» አለኝ።

«አዎ» አልሁት። ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ጋቢው ላይ ገለባ አለ። «እህል ቀምሰሃል?»

እንደመታሁት ሆኖ አየኝ። ሻርፔን አንሥቼ አለፍሁ፤ እንኳየሁ ጀርባዬን ሊነካው እስኪደርስ ተጠግቶኝ ይሄዳል፤ ትንፋሹን እሰማለሁ። ወንድምሽ ጣቢያው በር ድረስ ተከተለን። እዚያ ለዘበኛው ይህ ሰው ሰው ገድሏል፣ እጁን ሊሰጥ ነው አልሁት። እንኳየሁ ስሙን ተጠየቀና ተናገረ። አስገቡት። ምስክርነቴን ሰጥቼ ወጣሁ።

ስመለስ ከኋላዬ ኮቴ ነበረ። ዞሬ አላየሁም። ድስቱ ጋ ስደርስ ወልደኢየሱስ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ። ተራው ሲደርስ ሳህኑን በግራ እጁ ተቀበለኝ፤ ቀኙ አሁንም ጋቢው ውስጥ ነበር። ተቀምጦ ንፍሮውን ያየዋል።

«በአንድ እጅ ይዘህ በምን ልትበላ ነው?» አልሁት።

ጩቤውን አወጣ፤ ከጎኑ መሬት ላይ አኖረውና መብላት ጀመረ። እኔ ጩቤውን አንሥቼ ከጭልፋው ጋር አጠብሁት። የሽንኩርት ቢላችን ዶልዱሞ ነበርና እዚያው አስቀረሁት።